እንዴት ይሠራል? የሕመምተኛን ዓይን የሚያውስ ፊልም

ፊልሙ «ሸተር አይላንድ» ይባላል፤ ማርቲን ስኮርሴዚ በ2010 ያወጣው ነው። አንዲት የአእምሮ ሆስፒታል ታካሚ በሁለት መርማሪዎች ፊት ተቀምጣ ትጠየቃለች። መሐል ላይ ውሃ ጠየቀች፤ አንደኛው መርማሪ ተነሥቶ አመጣላት። እጇን ወደ አፏ አነሣች፣ ተጎነጨች፣ ባዶውን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ነገሩ፣ እጇን ወደ አፏ ባነሣችበት ቅጽበት በእጇ ላይ ብርጭቆ የለም። ጣቶቿ አየር ጨብጠው ነው የጠጣችው። የዘነጋ ባለሙያ ስህተት እንዳይመስላችሁ፤ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ፊልሙን ካየነው ብዙዎቻችን ግን አላየነውም። ሰው ነግሮን፣ ተመልሰን አቁመን ስናየው ነው የምንደነግጠው።

የታመመ አእምሮ ውስጥ አስገብተው ያለውን ከሌለው የሚያደባልቁብን ልብ አንጠልጣይ ፊልሞች መሥሪያቸው ይኸው ነው፤ እኛው ራሳችን በየቀኑ የምንሠራውና የማናስተውለው ስህተት። (የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ዓይን ለአእምሮ የሚያቀብለው ነገር ጥቂትና የተቆራረጠ ነው። የቀረውን አእምሮ ከልማድ ይሞላዋል። ውሃ የተሰጠው ሰው እጁን ወደ አፉ ካነሣ በእጁ ብርጭቆ መኖር አለበት፤ አእምሮ ይህን ለማጣራት አይደክምም። በክረምት በመንዝ ጓሳ ጉም ውስጥ የሄደ ሰው ነገሩን በደንብ ያውቀዋል። ከመሐል ሜዳ ወጥተው ወደ ጓሳ ሲዘልቁ ጉሙ ድንገት ይወርድና፣ ትንሽ ራቅ ብሎ ካባ የደረበ ሽማግሌ ቁጭ ብሎ ይታያል። «እንደምን አደሩ» ሊሉ ሲቃረቡ ሽማግሌው በአራት እግሩ ተነሥቶ ወደ ገደሉ ይወርዳል፤ ጎፈሩን የነሰነሰ ወንድ ጭላዳ ነበር። ዓይን አልተሳሳተም፤ ያመጣው አንድ ቡናማ ጉብታ ብቻ ነው። ሽማግሌውን የጨመረው አእምሮ ነው፤ በመንዝ ብርድ ካባ ደርቦ የተቀመጠ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ሰው ነዋ!

ይህን በሙከራ ያሳዩም አሉ። በ1998 ዳንኤል ሳይመንስና ዳንኤል ሌቪን የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት አንድ ሰው ካርታ ይዞ መንገደኛን አቅጣጫ ይጠይቃል። ሁለቱ እያወሩ ሳለ በር የተሸከሙ ሰዎች በመካከላቸው ያልፋሉ፤ በበሩ ተከልሎ ጠያቂው በሌላ ሰው ይተካል። ከተጠየቁት መንገደኞች ግማሽ ያህሉ የሚያነጋግሩት ሰው እንደተለወጠ ሳያውቁ አቅጣጫውን አስረድተው ጨረሱ።

ፊልም ደግሞ ከዚህ በር የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። በሰከንድ 24 ቋሚ ፎቶ ነው ዓይናችን ፊት የሚያልፈው፤ እንቅስቃሴውን የምንፈጥረው እኛ ነን። በአንድ ምስልና በሚቀጥለው መካከል ያለው ቁርጥ ሁሉ የሆነ ነገር የሚለወጥበት አጋጣሚ ነው። ብርጭቆውን ያጠፋውም እንዲህ ያለ ቁርጥ ነው።

ቁርጡ ብቻውን ግን አያሳብድም። ፊልም ማየት ስንጀምር ሳንፈርም የምንገባበት ውል አለ። አንድ ሰው ቀና ብሎ አንድ ቦታ ካየ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ምስል ሰውየው ያየው ነገር ነው፤ ያም ነገር እዚያ አለ። ውሉ ይኸው ነው። ሰው በር አየ፣ በሩ ታየን፣ በሩ አለ። የዚህ ዓይነት ፊልም ሠሪዎች የውሉን የመጀመሪያ ግማሽ አክብረው ሁለተኛውን ያፈርሱታል። ሰውየው ያየውን በእርግጥ ያሳዩናል፤ እዚያ መኖሩን ግን ዋስ አይሆኑም።

ብልሃቱ አዲስ አይደለም። በ1920 የወጣው የጀርመኑ ድምፅ አልባ ፊልም «የዶክተር ካሊጋሪ ካቢኔ» ውስጥ ቤቶቹ የተጣመሙ፣ መስኮቶቹ የተንጋደዱ፣ ጥላዎቹ ሳይቀሩ በቀለም የተሣሉ ናቸው። ተመልካቹ «የአሠራር ስልት ነው» ብሎ ያልፈዋል። መጨረሻ ላይ ግን ታሪኩን ሲነግረን የቆየው ወጣት የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ውስጥ ያለ ሰው ሆኖ ይገኛል፤ ጨካኝ ገዳይ ያለን ሰው ደግሞ የማቆያው ኃላፊ ነው። የተጣመመው ከተማው ወይስ ዓይኑ? ከዘጠና ዓመት በኋላም ስኮርሴዚ የሚሠራው በዚሁ ዕቃ ነው። በመካከል ሂችኮክ መጥቶ በ1958 «ቨርቲጎ» ላይ ካሜራው ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄድ ሌንሱ በተቃራኒው እንዲሠራ ማድረግን አመጣ፤ ገደል የሚፈራ ሰው ወደ ታች ሲያይ ደረጃው እንደ ላስቲክ ሲሳብ የምናየው በዚህ ነው።

ጥሩው ከመናኛው የሚለየው ግን በማታለሉ አይደለም፣ በሐቀኝነቱ ነው። ማታለልማ ማንም ያታልላል። ጥሩው ሠሪ እውነቱን ፊታችን ላይ አስቀምጦ ነው የሚያታልለን። «ሸተር አይላንድ»ን ለሁለተኛ ጊዜ የሚያይ ሰው መርማሪውን ትቶ ዘበኞቹን ይይ። ገና ከጀልባው ሲወርድ ጠመንጃቸውን ጨብጠው በሥጋት ነው የሚያዩት፤ ለመንግሥት መርማሪ እንዲህ አይቆምም። ባልደረባ ተብሎ አብሮት የመጣው ሰውም ሽጉጡን አስረክብ ሲባል ከወገቡ ለማውጣት ይታገላል፤ ሽጉጥ ታጥቆ የኖረ ሰው እጅ አይደለም። መርማሪው ራሱ ታካሚ መሆኑ ከመጀመሪያው ተነግሮናል። የምናምነው ሰው ሌላ ነገር ስላለን አልሰማንም።

እስካሁን ስለ ዓይን ነው የተናገርኩት። በእውነተኛው ሕመም ግን ጆሮ ይቀድማል። ስኪዞፍሬንያ የሚባለው ከባድ ሕመም በዓለም ላይ ከ300 ሰው አንዱን ያህል ይይዛል፤ ያለበት ሰው የሌለ ነገር ከማየት ይልቅ የሌለ ድምፅ መስማቱ ይበዛል። ስሙን ይጠሩታል፣ ይሰድቡታል፣ ያዙታል፤ አንዳንዴ ሁለት ሆነው ስለ እሱ እርስ በርሳቸው ያወራሉ። በ1994 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት የተካፈለው የሒሳብ ሊቅ ጆን ናሽ የሚሰማው ድምፅ ነበር። ሮን ሃዋርድ በ2001 «ኤ ቢዩቲፉል ማይንድ» ብሎ ሲሠራው ግን ድምፆቹ ሰው ሆኑ፤ አንድ የዶርም ጓደኛ፣ አንዲት ትንሽ ልጅ፣ አንድ ባርኔጣ ያደረገ የመንግሥት ሰላይ። ፊልም የሚታይ ነገር ይፈልጋል፣ ይገባኛል። ሐቀኝነቱም አልጎደለም፤ ልጅቱ እርግቦች መሐል ስትሮጥ አንዲት እርግብ እንኳ አትነሣም። ዓመታት ሲያልፉም ልጅቱ አታድግም፤ ናሽም በፊልሙ እውነቱን የሚደርስበት በዚህ ነው። ፊልሙ የዋሸው ሌላ ቦታ ነው። እውነተኛው ናሽ ከ1970 ወዲህ መድኃኒት አልወሰደም፤ ፊልሙ ግን አዳዲሶቹን መድኃኒቶች እንደሚወስድ አናግሮታል። ተመልካች ክኒኑን እንዳይጥል ታስቦ ከሆነ፣ ይህን ውሸት እኔ ይቅር እላለሁ።

በድምፅ ማታለልን እንደ ፍራንሲስ ኮፖላ «ዘ ኮንቨርሴሽን» (1974) የተካነበት አላየሁም። ሰው እየጠለፈ ማዳመጥ ሥራው የሆነ ባለሙያ፣ ሁለት ሰዎች አደባባይ ላይ ሲነጋገሩ የቀዳውን አንድ ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ ይሰማል። ሊገድለን ይችላል ብለው የፈሩ ይመስለዋል። መጨረሻ ላይ ያው ዓረፍተ ነገር ጫናው ከአንዱ ቃል ወደ ሌላው ዞሮ ይሰማል፤ ትርጉሙም ተገልብጦ፣ የፈሩት ሰዎች ገዳዮቹ ይሆናሉ። የድምፅ ባለሙያው ዋልተር መርች ተዋናዩ ሌላ ጊዜ በሌላ አነጋገር ያለውን ቅጂ ነው እዚያ ቦታ ያስገባው። ጆሯችን መስማት የፈለገውን ሲሰማ ቆይቷል።

እዚህ ላይ አንድ የአገራችን ጣጣ ይመጣል። በየከተማው ቪዲዮ ቤትና አሁን ደግሞ በየስልኩ የሚታየው ትርጉም ፊልም አብዛኛው በአንድ ሰው ድምፅ የሚተረጎም ነው። ተርጓሚው ሽማግሌውንም፣ ሕፃኑንም፣ ሚስትዮዋንም ሆኖ ይናገራል። ለተኩስና ለካራቴ ፊልም ግሩም ነው፤ ቀልዱን ጨምሮ ያሳምረዋል፣ እኔም እወደዋለሁ። የአእምሮ ሕመም ፊልም ላይ ግን ይገድላል። ለሕመምተኛው ብቻ የሚሰማው ሹክሹክታና በሩን ያንኳኳው ፖሊስ በአንድ ድምፅ ይመጣሉ። የውስጡና የውጪው ልዩነት፣ ፊልሙ በሙሉ የቆመበት ልዩነት፣ እዚያው ይጠፋል። ባሰ ጊዜ ደግሞ ተርጓሚው ፊልሙን አስቀድሞ ያየ ስለሆነ «ይሄ እንግዲህ የሱ ቅዠት ነው» ብሎ ከሃያ ደቂቃ በፊት ያስረዳናል።

አንድ ክረምት መሐል ሜዳ አክስቴ ቤት የናሽን ፊልም በላፕቶፕ ከፍተን ነበር፤ ትርጉሙ የዚህ ዓይነት አልነበረም፣ ልጃቸው ከጎን ሆኖ ነው የሚያስረዳቸው። አክስቴ ምጣዱ ላይ የገብስ ቆሎ እያመሱ በግማሽ ዓይን ያያሉ። የዶርም ጓደኛ የተባለው ሰው ጭራሽ እንደሌለ ሐኪሙ ሲናገር እኛ «ውይ!» አልን። እሳቸው ማማሰያውን እንኳ አላቆሙም።

«እኔማ ገና ሲገባ ነው ያወቅሁት» አሉ። «ሰው እንዲህ ከየትም ብቅ ብሎ ወዳጅ አይሆንም። ለክፎት ነው።»

«እማዬ፣ በሽታ ነው እኮ! ሐኪሙ ነገረው አይደል?» አለ ልጃቸው።

«እሱስ በሽታ ነው፤ አይደለም ያለ ማን አለ? በሽታውን ማን አመጣው ነው እንጂ።»

ሳቅን። ፊልሙ ሲያልቅ ግን ነገሩ ከራሴ አልወጣ አለ። ሆሊውድ የሚያስደነግጠን ተመልካቹ በአንድ ነገር ከሱ ጋር ስለሚስማማ ነው፤ ለሌላው የማይታይ ነገር የለም በሚል። ያ ሲፈርስ «ለካ ታሟል!» ብሎ ይደነግጣል። አክስቴ ግን ዛርም፣ ቡዳም፣ ዓይነ ጥላም ባለበት ዓለም ነው የኖሩት። ለአንድ ሰው ብቻ የሚታይ እንግዳ ለሳቸው ድንቅ አይደለም፣ የታወቀ መከራ ነው። ስለዚህ ፊልሙ አላታለላቸውም። ሁለት ሰዓት የለፋበት መጨረሻ ለሳቸው መጀመሪያው ላይ የተፈታ ነገር ነበር፤ ጥያቄያቸው ደግሞ ፊልሙ ያላሰበው ነው።

ስለ መንዝ ሰው የአነጋገር ጥበብ የጻፈ ፈረንጅ አለ፤ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ዶናልድ ሌቪን። በመንዝ ገጠር ተቀምጦ አጥንቶ በ1965 ያሳተመውን መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» ብሎ ሰየመው። ከዚያ ወዲህ መጨረሻው የሚገለበጥ ፊልም ባየን ቁጥር «ይኸው ሰምና ወርቅ» ማለት ይቀናናል። እኔ አልስማማም። በቅኔ ወርቁ ሲወጣ ሰሙ አይሞትም፤ ሁለቱም ቆመው ጎን ለጎን ይሰማሉ፣ ደስታውም እሱ ነው። በነዚህ ፊልሞች ግን ወርቁ ሲወጣ ሰሙ ተሰባብሮ ይጣላል፤ የታየው ሁሉ ሐሰት ነበር ይባላል። አክስቴ ሁለቱን አብረው ያዙ፤ በሽታም ነው፣ ያመጣውም አለ። ከስክሪፕት ጸሐፊው ይልቅ ለቅኔው የቀረቡት እሳቸው ናቸው።

ሌላም ነገር አለ። የተዛባ አእምሮ የሚያየውን ከየት ያመጣዋል? ከአገሩና ከዘመኑ። በ1919 ቪክቶር ታውስክ የተባለ የቪየና ሐኪም፣ ጠላቶቻችን በሚሥጥራዊ ማሽን ሐሳባችንን ይቆጣጠሩታል ስለሚሉ ሕሙማን ጻፈ። የፋብሪካና የኤሌክትሪክ ዘመን ነበር። ናሽን ያሳደዱት በአሜሪካና በሶቪየት ፍጥጫ ዘመን የነበሩ ኃይሎች ናቸው። በግሼ ወይም በመርሐቤቴ ያለ አንድ ወጣት ቢታመምስ? የጎረቤት ድንበር ገፊ፣ መተት ያስደረገበት ዘመድ፣ ክታብ የጻፈበት ደብተራ፣ አሁን ደግሞ ስልኩን የጠለፈበት ሰው ይሆናል። ችግሩ፣ ድንበር መግፋት በእውነትም አለ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ የአማራ ክልል ጦርነት ውስጥ ገባ፤ «ይከታተሉኛል» የሚል ሰው ትክክል ሊሆን ይችላል። ሐኪም ይህን ለመለየት ቤተሰብ ይጠይቃል፤ ቤተሰቡም ይፈራል። የሆሊውድ ፊልም የሚተማመንበት ያ ጽኑ መሬት፣ «እውነቱ ይኸውና» የሚልበት፣ እዚህ ይንሸራተታል።

ለዚህ ነው የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ከሁሉም የሚለይብኝ። (ያላያችሁት ይህን አንቀጽና ቀጣዩን ዝለሉ።) ፊልሙ በ2008 ነው የወጣው፤ ለመሥራት 14 ዓመት ፈጅቷል። በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማት አገኘ፣ በማግሥቱ ዓመት በዋጋዱጉ ፌስፓኮ ታላቁን የየኔንጋ ሽልማት ወሰደ። አንበርብር ጀርመን ተምሮ፣ በ1990 ጣና ዳር ወዳለች የትውልድ መንደሩ ይመለሳል። አንድ እግሩ የለም። እግሩን እንዴት እንዳጣ አያስታውስም። ሌሊት ይቃዣል፣ ቀን ይደነግጣል፤ መንደሩም መንፈስ ይዞታል ብሎ ጸበል ያስጠምቀዋል። እስከዚህ ድረስ የልብ አንጠልጣይ ፊልም አጥንት ሙሉ ነው፤ አእምሮው የተነካ ሰው፣ የጠፋ ትዝታ፣ ቁርጥራጭ ሕልም፣ አንድ የተቀበረ ጥያቄ።

ሆሊውድ ቢሆን መጨረሻ ላይ ያየው ሁሉ ቅዠት ነበር ይለን ነበር። ኃይሌ ተቃራኒውን ነው ያደረገው። ቁርጥራጩ ሲገጣጠም ቅዠቱ ሁሉ የሆነ ነገር ነው። በደርግ ዘመን ጓደኛው ተስፋዬ ሲገደል አይቷል፤ ምሥራቅ ጀርመን ዘረኞች ደብድበው ከመስኮት ወርውረውታል፤ መንደሩም ተመልሶ እንኳ ወጣቶች ከአፈሳ ሸሽተው ዋሻ ውስጥ ተደብቀዋል። የተዛባው የሰውየው ዓይን አይደለም፤ ያየው ነገር ራሱ ነው ከልክ ያለፈው። ስልቱም ለዚህ የተመቸ ነው። ትዝታው ከዛሬው የሚለይበት የቀለም ወይም የሙዚቃ ምልክት እየጠበቅን ሳለ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ከአንዱ ወደ ሌላው እንወረወራለን፤ ጊዜው ተበጣጥሶ ይመጣል። ከባድ ድንጋጤ ያለፈበት ሰው ትዝታ በትክክል እንዲህ ነው፤ ያለፈው ነገር እንደ ታሪክ አይታወስም፣ አሁን እንደሚሆን ሆኖ ይመጣል። ኃይሌ ይህን ቀድሞም ያውቅበታል፤ በ1982 «አሽስ ኤንድ ኤምበርስ» ላይ ከቬትናም የተመለሰ ጥቁር አሜሪካዊ ወታደር ትዝታ ሲያሳድደው አሳይቷል። ከዚያም በፊት በ1976 «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ላይ እብድ የሚባለው ከበበ የተባለ ሰው ስለ ጭሰኛና ስለ ባላባት እውነቱን የሚናገረው ብቸኛው አፍ ነበር።

እውነት ለመናገር «ጤዛ» አንዳንድ ቦታ ይረዝማል፤ የተማሪዎቹ የጀርመን ክርክር ከፊሉ ቢቆረጥ አይጎዳም ነበር። 140 ደቂቃ ነው። ግን ከሱ በኋላ የናሽን ፊልም ስመለከት ምርኩዝ የበዛበት ሆኖ ይታየኛል።

ከቅርቦቹ አንድ ብቻ ልጨምር፤ የፍሎሪያን ዜለር «ዘ ፋዘር» (2020)። ደም የለበትም፣ ነፍሰ ገዳይ የለበትም፣ ሰው ግን ያስፈራል። መርሳት የያዛቸው ሽማግሌ በአንድ አፓርታማ ውስጥ ናቸው። ተዋናዩ አንቶኒ ሆፕኪንስ በ83 ዓመቱ ኦስካር የወሰደበት ነው። ካሜራው ሽማግሌው ራስ ውስጥ ገብቶ ግድግዳውንና ዕቃውን ቀስ እያለ ይለውጣል። ወንበሩ ቦታ ቀይሯል፣ ሥዕሉ የለም፣ የወጥ ቤቱ ቀለም ሌላ ነው፤ ሲገቡ የነበረው ቤት ሲወጡ የለም። ልጃቸው ወጥታ ስትመለስ ሌላ ተዋናይት ሆና ትመጣለች፤ ሁሉም ግን ልጅዎ ናት ይላቸዋል። እኛም እንደሳቸው ግራ እንጋባለን፤ ማንም መጥቶ አያስረዳንም። ሰዓታቸውን ራሳቸው ደብቀው አስታማሚዋን በሌብነት ይከሳሉ። የመቀነቷን ብር ራሷ ሸሽጋ ምራቷን ሌባ የምትል አሮጊት በእኛም አገር ብርቅ አይደለችም፤ ሰው ግን «ተንኮለኛ ሆነች» ነው የሚላት። ይህን ፊልም ያየች ምራት አሮጊቷን ከውስጥ ታያት ይመስለኛል።

ሌሎቹ በዚህ ረገድ ብዙ በደል ሠርተዋል። ከሂችኮክ «ሳይኮ» (1960) ጀምሮ የአእምሮ ሕመምተኛ ማለት ቢላ የያዘ ሰው ነው። ከሕሙማኑ አብዛኞቹ ግን ማንንም አይነኩም፤ ከመምታታቸው ይልቅ መመታታቸው ይበዛል። እኛ ዘንድ ሕመምተኛው ጓዳ ውስጥ በሰንሰለት ታስሮ ሲገኝ ያሰሩት ወላጆቹ ናቸው፤ ጠልተውት ሳይሆን ገደል እንዳይገባባቸው፣ ሕክምናውም ስለሚርቅ። ለብዙ ዘመን በአገሩ ያለው የአእምሮ ሆስፒታል አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ብቻ ነበር፤ «አማኑኤል ገባ» ማለት ራሱ ስድብ እስኪሆን ድረስ። አሁን ሕክምናው ወደ ክልል ሆስፒታሎችም ወርዷል። ቢሆንም ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሄደው ጸበል ነው፤ ከሰሜን ሸዋ ብዙው ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ይወርዳል። ጭንቁ የሚመጣው ጸበል ሲገቡ ክኒኑን ሲያቋርጡ ነው። እንጦጦ ማርያም ላይ የአእምሮ ሐኪሞችና አጥማቂ ካህናት ተስማምተው ሕመምተኛው ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ እንዲያገኝ ያደረጉበት ሥራ አለ፤ ከአክስቴ ሐሳብ ጋር ይገጥማል።

እንግዲህ መንዝ ላይ እንዲህ ያለ ፊልም ቢሠራ እንዴት ይሠራ? የሚያማክረኝ የለም እንጂ፣ ካሜራውን የታመመው ልጅ ራስ ውስጥ አላስገባም። እዚያ ከገባ ወይ «ቅዠት ነው» ወይ «መንፈስ ነው» ብሎ መፍረድ ግድ ይሆንበታል፤ አንዱ ተመልካች ግማሹን ይዞ ይወጣል። ካሜራውን እናቲቱ አጠገብ ነው የማቆመው። ልጁ የሚያየውን አናይም፤ ልጁ ሲያይ እናያለን፤ እሷም ልጇን ስታይ። ማታ ክኒኑን በእጇ ትሰጠዋለች፣ ጠዋት በጸበል ታጥበዋለች፤ የትኛው እንደሠራ ፊልሙም አይነግረንም።

ድምፁን ግን አሰማለሁ። ሕሙማን የሚሰሙት ድምፅ ብዙ ጊዜ የሚያውቁት ሰው ድምፅ ነው፤ የአባት፣ የሞተ ወንድም፣ የጎረቤት። ልጁ የሚሰማው የእናቱን ድምፅ ይሁን። እናቲቱ ምድጃው ፊት ተቀምጣ እሳት ትቆሰቁሳለች፣ ከንፈሯ ገጥሟል፣ ድምጿ ግን ልጁን ይሰድበዋል። ቀጥሎ በእውነት ስትናገር፣ «ና ብላ» ስትለው፣ ያው ድምፅ ነው፤ ከንፈሯን ያላየ ተመልካች አይለየውም። ልጁ ደግሞ ጀርባውን ሰጥቷት ነው የተቀመጠው።